የማይጠፋው ሞተር

«ባጃጅ። ከቀኝ።»

«አየሁት።»

አላየውም። ክብረት ይህን በደንብ ታውቃለች። አባቷ ያየውን ነገር «አየሁት» ብሎ አያውቅም፤ ዝም ብሎ መሪውን ያዞራል። «አየሁት» የሚለው ሳያየው የቀረውን ብቻ ነው።

ባጃጁ ከፒካፗ አፍንጫ ሥር ለጥቂት ሾልኮ አመለጠ። ሹፌሩ ሊሳደብ አንገቱን አወጣ፤ መኪናዋን ሲለያት ግን ስድቡን ዋጥ አድርጎ እጁን ለሰላምታ አነሳ። ሶዶ ውስጥ የጩማን ፒካፕ የሚሰድብ ሰው የለም። ነገ እናቱን ሆስፒታል የምታደርስለት እሷ ናት፤ ሐኪም ካቃተው ደግሞ መቃብር የምታደርስለትም እሷው ናት።

«የዛሬ ልጆች ዓይን የላቸውም» አለ አባቷ።

ክብረት ምላሷን ነከሰች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷን ባትነክሰው የምትለው ሞልቷል። በምትኩ «አህያ ከግራ» አለች። «የቆመ ሚኒባስ ከቀኝ። በሩ ክፍት ነው።»

«አየሁት አልኩሽ እኮ!»

የትምህርት ቤቷን በር አለፉት። የደንብ ልብሷን ለብሳለች፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፣ ደወሉ ሲደወል በመስኮት ሰማችው። እናቷ አባይነሽ ቤት ሆና «አባቷ እስከ በር ያደርሳታል» ብላ ታስባለች። አባቷ ደግሞ «አንድ ጉዞ ብቻ፤ አረካ ደርሰን መጣን» ይላል። አረካ ደርሰው ሲመጡ ሒሳብ አልፏል፣ እንግሊዝኛ አልፏል፣ የክፍል ኃላፊዋም «የት ነበርሽ?» ማለት ሰልችቷት ትታዋለች።

ፒካፗ በዕድሜ ከክብረት ትበልጣለች። ድሮ ነጭ ነበረች ይባላል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ክብረት ሳትወለድ ነው የቆመው፤ ጩማም አላሠራውም። «የሴት ዕድሜ አይጠየቅም» ይላል። የፊት መስታወቷ ላይ «እስከ አሁን ረድቶናል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር፤ የመጨረሻውን ቃል ፀሐይ ልጣ ጣለችው። አሁን የሚነበበው «እስከ አሁን» ብቻ ነው።

ሞተሯ የድሮ የናፍጣ ሞተር ነው። «አዲሶቹ መኪኖች ሲያማቸው በኮምፒዩተር ነው የሚናገሩት» ይላል ጩማ። «የእኔዋ በወላይትኛ ትነግረኛለች።» አንድ ክረምት ወደ ዲምቱ ስትሄድ የቢላቴ ወንዝ ሞልቶ ያዛት። ውሃው ወንበሯ ላይ ወጥቶ አደረ። በማግስቱ በሬዎች ጎትተው አወጧት፤ ጩማ ውሃውን ከሆዷ አፍስሶ፣ ዘይት ቀይሮ፣ ከናፍጣው መስመር አየር አስወጥቶ አስነሳት። ይህን ታሪክ ያልሰማ የሶዶ ሰው ካለ ገና አልተወለደም። ያልተወለደውም ቢሆን ከእናቱ ሆድ ውስጥ ሆኖ ሰምቶት ይሆናል፤ ስንቷ ነፍሰ ጡር በዚህች መኪና ምጥ ይዟት ስትጓዝ ጩማ እሷን ለማጽናናት የቢላቴን ታሪክ ያወራል። መለዋወጫ የሚሸጡት አብዱልመጂድ እንኳ «ሰው ሁሉ እንደ ጩማ ዓይነት መኪና ቢይዝ ኖሮ ሱቄን ዘግቼ ስልጤ ሄጄ እንሰት እተክል ነበር» ይላሉ።

የሞተሩ ነገር ደግሞ አለ።

የጩማ ፒካፕ ሬሳ ስታደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው ቤቱ እስኪመለስ ሞተሯ አይጠፋም። ሰው ይህን የሟች ክብር ነው ይላል። ሞተሩ ከጠፋ ሞት ተመልሶ ይሳፈራል የሚሉም አሉ። ፓስተሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ይህ ከመጽሐፍ ቅዱስ አይደለም» ብለው አስተማሩ፤ ሰው «አሜን» ብሎ ወጣና እንደ በፊቱ ቀጠለ። እውነቱን የሚያውቁት ጩማና ክብረት ናቸው። ያኔ ሞተሩን የምታስነሳው ሞተሪኖዋ ደክማ ነበር። ሜዳ ላይ ከጠፋች ካልተገፋች አትነሳም፤ ለቅሶ ላይ ደግሞ ሐዘንተኛ «ግፉልኝ» አይባልም። ስለዚህ ጩማ ሳያጠፋት ቆመ። አንድ ሽማግሌ ይህን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ይሄ ልጅ ሰው አክባሪ ነው» አሉ። በቃ። ሞተሪኖዋ ከተቀየረች በኋላ ጩማ አንድ ቀብር ላይ ሊያጠፋ ቢሞክር የሟች ልጆች አኮረፉት። ከዚያ ወዲህ አላጠፋም።

መኪናዋ እንዲህ ናት። ችግሩ እሷ አልነበረችም።

ባለፈው ክረምት ጩማ ክብረትን ብቻ ይዞ ወደ ዓይን ሐኪም ሄደ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች። «አፍንጫዬን ይመልከቱ፤ ጣቴን ሲያዩ ይንገሩኝ» ብላ ጣቷን ከጎኑ በቀስታ ታመጣ ጀመር። ጣቷ ከጆሮው አለፈ። ከጉንጩ አለፈ። ክብረት ወንበሯ ላይ ሆና «በል እንጂ፣ በል» ትል ነበር በልቧ። ጣቷ አፍንጫው ጋ ሊደርስ ሲል ነው ጩማ «አየሁት» ያለው።

«የዓይን ግፊት ነው» አለች ሐኪሟ። «ከጎንና ከጎን ያለው እይታ ሄዷል፤ የሄደው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን። መኪና ይነዳሉ?»

«ኧረ አልነዳም» አለ ጩማ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ደረጃውን ሲወርዱ ትከሻዋን ይዞ «ለእናትሽ አትንገሪ» አላት። ክብረት «እሺ» አለች። አንዲት ቃል ናት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ጧት ጧት ጋቢና የምትገባው ያቺ ቃል እየጎተተቻት ነው።

*

«መጣሽ?» አለቻት ናጂያ በእረፍት ሰዓት። «አንቺማ ለእረፍት ብቻ ነው የተመዘገብሽው።»

ናጂያ የአብዱልመጂድ ልጅ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነው የሚቀመጡት። ክብረት ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አታጣም ነበር። ዛሬ ግን ባጃጁ ዓይኗ ላይ ነው። አጥሩ ሥር ተቀመጠችና ነገረቻት፤ ሁሉንም። ናጂያ ከረሜላዋን አፏ ውስጥ ረስታው ሰማቻት።

«በአላህ! ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«ፊቴን አይተሽ ንገሪኛ።»

ናጂያ ፊቷን አየችና ከረሜላዋን ሰባብራ ዋጠችው። «ለራሱ ንገሪው። አቁም በይው።»

«ነገርኩት። መንገዱን እጄ ያውቀዋል ይላል።»

«መንገዱን ያውቀው ይሆናል። መንገዱ ላይ ያለውን ሰው በየት በኩል ያውቀዋል?»

 ይህንኑ ጥያቄ ክብረት ራሷም አባቷን ስንት ጊዜ ጠይቃዋለች፤ መልስ ሰጥቷት አያውቅም።

«እሺ ለእናትሽ።»

«አልነግርም ብያለሁ። ደግሞ ለእናቴ ነገርኩ ማለት ለሶዶ ነገርኩ ማለት ነው። "ጩማ ታወረ" ይባላል። ሞቷል ከሚባል አይሻልም። አባዬን ታውቂው የለ? ሰው "ጋሽ ጩማ" ሲለው ቁመቱ ይጨምራል።»

ናጂያ ጥቂት አሰበች። ነገር ስታስብ እንደ አባቷ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። «እንግዲያው መኪናዋን አሳምሚያት» አለች።

«ምን?»

«ሱቅ ቁጭ ብዬ ከመካኒኮች ስንቱን የሰማሁ መሰለሽ? የናፍጣ መስመሯ ላይ ያለውን ብሎን ላላ አድርጊው። አየር ይገባል፣ አትነሳም። ሰው "የጩማ መኪና በመጨረሻ ሞተች" ይላል። ማንም "ጩማ ታወረ" አይልም። አባትሽም ስሙን እንደያዘ ቤቱ ይቀመጣል።»

«መኪናዋስ? ስሟ አይጠፋም?»

«መኪና ስሟ ቢጠፋ ምን ይቀርባታል? ትዳር?»

ክብረት ሳትፈልግ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታለች፤ ጉንጯን አመማት።

*

ዓርብ ወደ ማታ የአቶ ተሻገር እናት አረፉ። አቶ ተሻገር የቤተ ክርስቲያኑ እድር ሰብሳቢ ናቸው። እናታቸው የሚቀበሩት ከተበላ ከተማ ወዲያ ባለው የትውልድ ቀያቸው ነው። ሰው ሳይላክበት ጩማ ራሱ ሄዶ «ጧት ደጃችሁ ነኝ» አላቸው።

ክብረት በነጋታው ሁሉም ሳይነሳ ወጣች። ጤዛው የፒካፗ ኮፋኖ ላይ አቁሯል። ከመሳሪያ ሳጥኑ መፍቻ አወጣች፤ ኮፋኖውን አነሳች። አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ እያንዳንዱን አሳይቷታል፤ «ይሄ ልቧ ነው፣ ይሄ ደም ሥሯ ነው» እያለ። ደም ሥሯ ላይ ያለውን ብሎን አገኘችው። ጠንካራ ነበር። ሁለት እጇን ተጠቅማ ነው ያላላችው። ናፍጣ ጣቷ ላይ ጠብ አለ፤ ቀዝቃዛ ነበር። «ይቅር በይኝ» አለቻት። ለብረት እንዲህ ማለቷን ሰው ቢሰማ ያፍርባት ነበር።

ጊዜውን አስባበታለች። አሁን ካልተነሳች ሰው ሌላ መኪና የሚፈልግበት ጊዜ አለው። ሬሳ መንገድ ላይ አይቀርም። ማንም አይጎዳም።

አቶ ተሻገርና የእድሩ ሰዎች ግን ጩማን ሳይጠብቁ በጧት ደጁ መጡ። ጩማ ኮቱን ለብሶ ገባና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ ጉረር አለ፣ አስነጠሰ፣ ዝም አለ። እንደገና አዞረ። ሞተሪኖው ብቻ ጮኸ።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እሷም?» አለ አንዱ፣ የዘመድ ሞት እንደተነገረው ዓይነት። አቶ ተሻገር ባርኔጣቸውን አወለቁ። ክብረት በሩ ደፍ ላይ ቆማ ልቧ እንደ ሞተሪኖው ያለ ፍሬ ይዞር ነበር።

ጩማ ወረደ። አልተናደደም። ኮፋኖውን አነሳ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ ጣቶቹ ቱቦውን ተከትለው ሄዱ፣ ሄዱ፣ ቆሙ። ብሎኑን በጣቶቹ አጠበቀ። በእጅ የሚጫነውን ትንሿን ፓምፕ ደጋግሞ ተጫነ፤ አየሩ ተንጫጭቶ ወጣ። ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ተነሳ፤ ያ የታወቀ ድምፅ፣ ዱብ ዱብ ዱብ።

«ጦሲ ያክብርህ!» አለ አንዱ፣ እግዜርን በወላይትኛ ጠርቶ። አቶ ተሻገር የፒካፗን ጎን እንደ ፈረስ መታ መታ አደረጉት። «ይህቺ መኪና እኛን ሁላችንን ቀብራ ነው የምትሞተው!»

ጩማ ቁመቱ ጨመረ። «መቼ ከድታኝ ታውቃለች?» አለ። ከዚያ ወደ ክብረት ዞረ፤ መላ ፊቱን አዙሮ፣ ቀጥ አድርጎ አያት። የሚያያት እንዲህ ሲያደርግ ብቻ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መፍቻዬ ከሳጥኑ ወጥታለች» አላት። «ስታገኚያት መልሻት።»

 ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

*

ለቅሶ ቤቱ ደርሰው የሬሳ ሳጥኑን ኋላ ጫኑ። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን፣ ሴቶቹ፣ አባይነሽም ጭምር፣ በሳጥኑ ዙሪያ ተቀመጡ። ጋቢና ውስጥ ጩማ መሪው ላይ፣ ክብረት መሐል፣ አቶ ተሻገር ዳር ሆኑ።

ሰው ባለበት ክብረት መናገር አትችልም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቀን ሌላ ዘዴ አላቸው፦ ቀኝ ከሆነ የአባቷን ጉልበት አንዴ ትነካለች፣ ግራ ከሆነ ሁለት ጊዜ። አቁም ከሆነ ትጨብጠዋለች። ከሶዶ ወደ ተበላ ቁልቁል ሲወርዱ ጣቷ ጉልበቱን ሲነካና ሲያነሳ፣ ሲነካና ሲያነሳ ነበር። ባጃጅ። ሞተር ሳይክል። ሙዝ ሻጮች። ጥጃ። ከኋላ መዝሙሩ እየተሰማ ነው፤ ሞተሩ ከሥር ያጅበዋል። የሚያያቸው ሁሉ ቆሞ ባርኔጣውን ያወልቃል። ከውጭ ላያት ፒካፗ ግርማ ነበራት።

ተበላን አልፈው ወደ አፈሩ መንገድ ሲገቡ አቶ ተሻገር ከመሐረባቸው ቀና አሉ። ሐዘንተኛ አንዳንዴ ዝምታው ሲከብደው ያገኘውን ይጠይቃል።

«ልጄ፣ ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?»

ትልቅ ሰው፣ ያውም እናታቸውን ለመቅበር የሚሄዱ ሰው ሲጠይቁ መንገድ መንገዱን እያዩ አይመለስላቸውም። ክብረት ፊቷን ወደ እሳቸው አዞረች።

«ዘጠነኛ ነኝ ጋሼ።»

«ጎበዝ። እናቴ ፊደል ሳታው...»

«ጓ» አለ። ከቀኝ ጎን፣ አጭር ድምፅ። ከዚያ የሴቶች ጩኸት፣ ከለቅሶው የተለየ ጩኸት።

«ምን ነበር?» አለ ጩማ። መሪውን እንደያዘ ነው። ምንም አላየም። ምንም!

ክብረት ወደ ኋላ ዞረች። በኋላ መስታወቱ፣ በሳጥኑና በሰው ትከሻ መሐል፣ መንገዱ ዳር አንዲት ትንሽ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ አየች። ቢጫ ጀሪካን እየተንከባለለ ውሃውን አፈሩ ላይ ያፈሳል። ከዚያ መንገዱ ታጠፈ።

«ምን ነበር?» አለ እንደገና።

አቶ ተሻገር መሐረባቸው ውስጥ ተመልሰዋል። ክብረት ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። «ድንጋይ ነው» አለች።

እንደ ደረሱ ከሁሉ ቀድማ ወርዳ ወደ እናቷ ሮጠች። አባይነሽ ከመኪናዋ ስትወርድ ደረሰችባት።

«ተነስታለች» አለች አባይነሽ፣ ሳትጠየቅ። «አየኋት። ጀሪካኗን ነው የገጨው። ክርኗ ተልጧል፤ ግን ተነስታ እያለቀሰች ሄደች። ጌታ ነው ያተረፋት።»

አጠገባቸው ያሉ ሴቶች ወሬውን ተቀባበሉት። «የሰው ልጅ መንገድ ዳር እየለቀቁ!» አለች አንዷ። «ጩማ ባይሆን ኖሮኮ አልቆላት ነበር» አለች ሌላዋ። «እሱ ሆኖ ነው እንጂ!»

ክብረት ሰማቻቸው። ልጅቷን ሳያያት ያለፈው ሰው እየተመሰገነ ነው። ተጠያቂዋ ውሃ የቀዳችው ልጅ ሆናለች።

አባይነሽ ግን አላመሰገነችም። ሻርፗን እያስተካከለች የልጇን ፊት ታይ ነበር። «መንገዱ ቀጥ ያለ ነበርኮ» አለች በዝግታ። «አባትሽ ምነው አላያትም?»

ክብረት «እሺ» ያለችውን አስታወሰች። መሬት መሬቱን አየች። ቀና ስትል ግን እናቷ አንድ ነገር የገባት ይመስል ነበር።

*

ቀብሩ ረጅም ነበር። ፒካፗ ከዱቡሻው፣ ለቅሶ ከሚቀመጡበት ሜዳ ዳር፣ ዛፍ ሥር ቆማ ዱብ ዱብ ትላለች። ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋችም። ሐዘንተኛው ሲጮህ ድምፁ ይሸፍናታል፤ ሐዘንተኛው ሲደክመው የእሷ ድምፅ ይሰማል። እሷ አይደክማትም። ክብረት ያን ድምፅ ሕፃን ሆና ትተኛበት ነበር፤ ዛሬ ራቅ ብላ ቆመች።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰማዩ በሶዶ በኩል ጠቆረ። ዳሞታ ተራራ ጠፍቷል። ሰው ዝናቡን ሊቀድም ወደ መኪናዋ ተጣደፈ። መዘምራኑ ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው ኋላ ወጡ፤ ከክብረት የሚያንሱ ልጆች ናቸው፣ እየተጋፉ የዳር የዳሩን ቦታ ይሻማሉ። አባይነሽም የሰው ሕፃን ታቅፋ ወጣች፤ ዓይኗ ግን ልጇ ላይ ነው።

ጩማ መሪው ላይ ተቀምጦ በመስኮት ለመንደሩ ወጣቶች ያወራ ነበር። «...ውሃው ወንበሯ ላይ ወጥቶ አደረ እላችኋለሁ! በማግስቱ አንዴ ነካኋት፣ ተነሳች!»

«ጋሽ ጩማ፣ ዛሬ ይህን የመሰለ መኪና የለም» አሉት።

«ሰውም የለም» አለ እየሳቀ።

ወጣቶቹ ሲሄዱ ክብረት በእሱ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ ቆመች። ከትከሻው አንድ ስንዝር ትርቃለች። ጩማ ፊት ለፊቱን እያየ የመዝሙሩን ዜማ ያንጎራጉራል። አላያትም። ጠበቀችው። አላያትም።

«አባዬ።»

ደነገጠ። «እዚህ ነሽ እንዴ? ግቢ እንጂ፣ ዝናቡ ሊደርስብን ነው።»

«አልገባም።»

«ምን ማለት ነው?»

«እኔ አልገባም። አንተም አትነዳም።»

ጩማ ፊቱን ሙሉ በሙሉ አዞረ። ዙሪያቸውን ሰው አለ፤ ድምፁን ቀበረ። «አታዋርጅኝ። ሰው ፊት ነን።»

«ጠዋት ድንጋይ አልነበረም» አለች። «ልጅ ናት። ውሃ የቀዳች ልጅ።»

 የጩማ እጅ መሪው ላይ ላላ፣ መልሶ ጠበቀ።

«ድንጋይ ነው ብለሽኝ የለ?»

«ዋሸሁህ።»

«ሞተች?»

«ተርፋለች። ጀሪካኗ ነው።»

ጩማ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ዕድሜው ሁሉ ከትንፋሹ ጋር የወጣ መሰለ። እንዲህ አርጅቶ አይታው አታውቅም። ከዚያ ግን ከኋላ የመዘምራኑ ሳቅ ተሰማ፣ አንድ ሰው «ጋሽ ጩማ፣ እንሂድ እንጂ!» አለ፣ እሱም እንደ ገና ቀና አለ።

«እሺ» አለ። «ቤት ደርሰን እንነጋገራለን። አንቺ ብቻ ከጎኔ ሁኚ። አንድ ጉዞ ብቻ።»

አንድ ጉዞ ብቻ። ክብረት ከዚህ ቃል በኋላ ስንት ጊዜ ወደ አረካ እንደሄደች፣ ስንት ጊዜ ወደ ዲምቱ እንደሄደች አታውቅም። እጇን በመስኮቱ አስገባች፣ በመሪው ሥር አሳልፋ ቁልፉን አዞረችና ነቀለችው።

ዱብ ዱቡ ቆመ።

 በዱቡሻው ላይ ሰው ሁሉ ዞረ። የሚያለቅሱት ማልቀሳቸውን ተዉ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መዘምራኑ ኋላ ላይ እንደ ፎቶ ቀጥ አሉ። አቶ ተሻገር ከመቃብሩ በኩል እየተጣደፉ መጡ፤ ፊታቸው ላይ ሐዘን ብቻ አልነበረም።

«ጩማ! የእናቴ አፈር ሳይደርቅ! ምን ሆነች መኪናዋ?»

ጩማ አላያቸውም። ልጁን ነበር የሚያየው። በወላይትኛ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ተበላሸች በያቸው» አላት። «ልጄ፣ ተበላሸች በያቸው።»

ቁልፉ መዳፏ ውስጥ ይሞቃል። ቀላል ነበር። ጧት ደጅ ላይ ሲያስነጥሳት አይተዋታል፤ ያምናሉ። «በመጨረሻ ሞተች» ይላሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፣ ሌላ መኪና ይፈልጋሉ። ናጂያ እንዳለችው መኪና ትዳር አይቀርባትም። አባቷም ስሙን እንደያዘ ይቀመጣል። ነገ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ኮፋኖውን ያነሳል፤ እሷም ትነሳለች። እሷ ሁልጊዜ ትነሳለች።

ክብረት ወደ ኋላ ተመለከተች። እናቷ ሕፃኑን እንዳቀፈች ቆማለች፤ ራሷን አልነቀነቀችም፣ አላባበለቻትም፤ ትጠብቃለች።

«መኪናዋ ምንም አልሆነችም» አለች ክብረት። ድምፅዋ ዱቡሻው ዳር ድረስ ሄደ። «ደህና ናት። የሚነዳ ሰው ፈልጉልን።»

አቶ ተሻገር አፋቸውን ከፈቱ፤ ወደ ጩማ አዩ፤ ጩማም ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ነበር የሚያየው፣ በ«እስከ አሁን» በኩል አሻግሮ። እርጥብ ነበር ዓይኑ። አቶ ተሻገር የከፈቱትን አፍ ዘጉት።

የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ኮፋኖው ላይ ወደቀና ጭስ ሆነ። ክብረት የአባቷን በር ከፈተች። ከጎኑ አልቆመችም፤ ወደ በሩ ሲዞር በሚያይበት በኩል፣ ፊት ለፊቱ ቆማ እጇን ዘረጋችለት።